የሚራመደው የዛፍ ሽበት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። በረንዳችን አጠገብ አንድ ትልቅ ኦክ አለ። ግንዱን አገር ቤት የዛፍ ሽበት የምንለው ግራጫ አረንጓዴ ነገር ወርሶታል። ባለፈው ቅዳሜ የ7 ዓመት ልጄ ‹እማ፣ ሽበቱ እየሄደ ነው› ብሎ ጠራኝ። ሄጄ ሳይ እውነትም ምስር የምታክል ቁራጭ ግንዱ ላይ እየተራመደች ነው። ልጄ እንደ እስስት ቀለሙን የሚለውጥ ነፍሳት ነው ይላል። ልትጠይቀን ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ደግሞ ‹ደግ ነገር አይደለም፣ አትንኩት› አለች። ሣር የሚያጭድልን ሰው ዛፉን በሽታ ይዞታል፣ ነፍሳቱም ከበሽታው የመጣ ነው፣ ሁለቱንም ካላስረጨሽ ዛፉ ይደርቃል ብሎኛል። ሽበቱን በበረኪና ልጠበው ወይስ ላስረጭ? ነፍሳቱስ ልጄን ይጎዳዋል?»

መልስ፦ አያስረጩ። በረኪናውንም ወደ ልብስ ማጠቢያው ይመልሱት። ግንዱ ላይ ያለው በሽታ አይደለም። የሚራመደውም ነገር ዛፍ አይበላም። ሽበቱን ለብሶታል እንጂ ከሽበቱ አልተወለደም።

ፎቶ ባይልኩም መጠኑ፣ የተገኘበት ቦታና አካሄዱ ብዙ ይናገራል። በምሥራቅ አሜሪካ የዛፍ ቅርፊት ላይ እንዲህ ያለ ተንቀሳቃሽ የሽበት ክምር ከታየ፣ ከሥሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የሌስዊንግ እጭ ነው። ሌውኮክሪሳ ፓቪዳ የሚባለው ዝርያ በተለይ በዚህ ጠባዩ ይታወቃል። ያደገውን ሌስዊንግ ሳያዩት አይቀሩም። በሰመር ማታ የበረንዳ መብራት ላይ የሚያርፍ ቀጭን ነፍሳት ነው፤ ክንፉ እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ ከኋላው ያለውን ያሳያል። ሲበርም ደካማ ነው፣ ነፋስ የወሰደው ነገር ይመስላል።

እጩ ከዚያ ቆንጆ ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም። ሸክሙን ቢያነሱለት ከሥሩ ፈዘዝ ያለ፣ ለስላሳ፣ ስድስት እግር ያለው ፍጡር ያገኛሉ። ከፊቱ ሁለት ማጭድ የመሰሉ መንጋጋዎች ወጥተውለታል። መንጋጋዎቹ ውስጣቸው ክፍት ነው፣ እንደ ስትሮው። ክሽክሽ (የዕፅዋት ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ሲያገኝ በሁለቱ ይወጋዋል፣ ውስጡን የሚያሟሟ ፈሳሽ ይለቅበታል፣ ከዚያ ይመጠዋል። የክሽክሹ ቆዳ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ግንድዎ ላይ ያያችሁት ነገር አዳኝ ነው። የሚበላው የዛፍ ጠላቶችን ነው፣ በነፃ።

ሽበቱ ጀርባው ላይ እንዴት እንደሚቆም ልንገርዎ፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማር ያለው እዚህ ላይ ነው። የእጩ ጎንና ጀርባ ላይ ጫፋቸው የተቆለመመ ፀጉሮች አሉ። ልጅ ሆነን ሜዳ ላይ ስንሮጥ ቀሚስና ሱሪያችን ላይ ይጣበቅ የነበረውን ጭጎጎት ያስታውሱ። ነገሩ ያው ነው፤ እዚህ ግን የሚይዘው መንጠቆ ያለው ለባሹ ላይ ነው። እጩ ከቅርፊቱ ላይ ትንሽ የሽበት ቁራጭ በመንጋጋዎቹ ይነቅላል። አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል። ቁራጩን ጀርባው ላይ ያስቀምጥና ሰውነቱን ወዘወዝ ያደርጋል፣ ፀጉሮቹ እንዲይዙለት። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ሸክሙ ሲሞላ ከላይ ለሚያይ ወፍ፣ ግንዱ ላይ ካለው ሽበት ምንም አይለይም። ቢነጥቁት ጊዜ ሳያጠፋ እንደገና መልበስ ይጀምራል።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ አንዱን ከቅርፊት ናሙና ላይ «ቆሻሻ» ብዬ በብሩሽ ጠርጌዋለሁ። ቆሻሻው ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ እግሩን ሲያወራጭ ነው ስህተቴን ያወቅሁት።

አሁን የልጅዎ እስስት። ግምቱ ብልህ ነው፣ ግን አይደለም። እጩ ቀለሙን አይለውጥም። ቀለሙ የራሱ አይደለም፣ የተበደረው ነው። (እስስትም ብትሆን ስሟ በከንቱ ይነሳል። ቀለሟን የምትለውጠው ይበልጡን ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመነጋገርና ሙቀቷን ለመቆጣጠር ነው፤ ያረፈችበትን ለመምሰል ብቻ አይደለም።)

ሽበት የሚመስሉ ነፍሳት በሁለት መንገድ ነው የሚመስሉት። አንዱ እንደ እርስዎ እንግዳ ተሸካሚ ነው። ሌላው መልኩን ይዞ የሚወለደው ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ውስጥ ማርኪያ ሂስትሪክስ የምትባል ፌንጣ አለች። ነጭ አረንጓዴ ናት፣ እግሯና ጀርባዋ እሾህ እሾህ አለው፣ ከዛፍ የሚንጠለጠለው ሽበት ውስጥ ስትገባ ዓይን ይስታታል። የምትበላውም ያንኑ ሽበት ነው። እሷን ሸክሟን ላውልቅላት ቢሉ የሚወልቅ የለም፤ ሰውነቷ ነው።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት እንዴት እንደሚመጣ በደንብ ያሳየን አንድ የእንግሊዝ የእሳት እራት ነው። ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተበተነበት ሲሆን፣ ሽበት ባለው ቅርፊት ላይ ሲያርፍ አይታይም። በ1848 ማንቸስተር አካባቢ ከዚሁ ዝርያ ጥቁር የሆነ ተመዘገበ። የፋብሪካው ጭስ ሽበቱን ገደለ፣ ግንዱን አጠቆረ። በ1895 በዚያች ከተማ ከ100 የእሳት እራቶች 98 ያህሉ ጥቁር ነበሩ። አየሩ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሲጸዳ ነጠብጣቦቹ ተመለሱ። እዚህ ላይ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። አንድም የእሳት እራት በሕይወቱ ከነጭ ወደ ጥቁር አልተለወጠም። ወፎች የታየውን ለቀሙ፣ ያልታየው ወለደ፣ በቃ። ማይክል ማጀረስ የተባሉ የካምብሪጅ ሳይንቲስት ከ2001 እስከ 2007 በጓሯቸው 4,864 የእሳት እራቶችን ለቀው ተከታትለዋል። በጸዳው አየር ውስጥ ወፎቹ ጥቁሮቹን አብልጠው ሲበሉ ታይተዋል። እሳቸው በ2009 አረፉ፤ ውጤቱን ባልደረቦቻቸው በ2012 አሳተሙት።

ወደ ሌስዊንጉ ልመለስ። የመሸከም ጠባይ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የትናንት አይደለም። በስፔን በዛፍ ሙጫ ውስጥ ተዘግቶ የተገኘ፣ 110 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ እጭ አለ፤ የሞተው የዕፅዋት ፀጉር ጀርባው ላይ እንደተሸከመ ነው። ከዚያም ይብሳል። በቻይና ውስጣዊ ሞንጎሊያ ከ165 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ የሌስዊንግ ዘመዶች ተገኝተዋል፤ የክንፋቸው ሥዕል እዚያው አለት ውስጥ ከተገኘ ሽበት ጋር ይገጥማል። እነዚህኞቹ ተሸካሚ ሳይሆኑ መልኩን ይዘው የተወለዱ ናቸው። ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን ሽበት መምሰል ያዋጣ ነበር ማለት ነው።

ሸክሙ ከማን ያድናል? ከወፍ ብቻ አይደለም። በ1978 ቶማስ አይዝነርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የሠሩት ጥናት ለሐበሻ ጆሮ የተመቸ ነው። ጉንዳኖች ክሽክሽን እንደ እረኛ ይጠብቃሉ፤ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠጣሉ፣ ጠላት ሲመጣ ይናከሳሉ። ጥናቱ ያተኮረበት ክሽክሽ ደግሞ ሰውነቱን ነጭ ሱፍ የመሰለ ሰም ያለብሰዋል። አንድ የሌስዊንግ እጭ ያንን ሱፍ ከክሽክሾቹ ላይ እየነቀለ ይለብስና መንጋው መካከል ገብቶ ይበላል። እረኞቹ በላዩ ላይ ይራመዳሉ፣ አያውቁትም። ተመራማሪዎቹ ሱፉን ሲያወልቁበት ግን ጉንዳኖቹ ያዙትና ጎትተው አስወጡት። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። የእርስዎ ኦክ ላይ ያለው ሱፍ ሳይሆን ሽበት መረጠ፤ ቅርፊት ላይ የሚኖር ሰው የቅርፊቱን ይለብሳላ።

አሁን ስለ ሽበቱ፣ ምክንያቱም ሣር አጫጁ ይበልጥ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳይንቲስቶች ላይከን ይሉታል። አንድ ፍጡር አይደለም፣ አብረው የሚኖሩ ናቸው፤ ቤቱን የሚሠራው ፈንገስ ነው፣ ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን የሚያበስለው አልጌ ነው። ሥር የለውም። የዛፉን ፈሳሽ አይመጥም። ቅርፊቱ ለእሱ መቀመጫ ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ፣ የመቃብር ሐውልት ላይ፣ አሮጌ የእንጨት አጥር ላይም ይበቅላል። አጥሩ በሽታ ያዘው አንልም። አገር ቤትም ከስሜን እስከ ባሌ በደጋው ላይ ከአስታው ቅርንጫፍ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ የምናየው የዚሁ ወገን ነው። እናትዎን ይጠይቋቸው፣ ሽበት ያለበት ዛፍ ሁሉ ሲደርቅ አይተው ከሆነ።

ታዲያ ሰው ለምን በሽታ ይመስለዋል? የተዳከመ ዛፍ ቅጠሉ ይሳሳል። ቅጠሉ ሲሳሳ ግንዱ ብርሃን ያገኛል። ብርሃን ሲያገኝ ሽበቱ ይሰፋል። ሰውየው ሽበት የበዛበትና የደከመ ዛፍ አንድ ላይ ያያል፣ ከዚያ ሽበቱን ይከሳል። ከቀብር ላይ የተገኘውን ሰው ሁሉ ገዳይ እንደማለት ነው። ሽበት ራሱ ደግሞ ጭስና የተበከለ አየር አይችልም፤ ማንቸስተር ላይ መጀመሪያ የሞተው እሱ ነው። ግንድዎን መውረሱ ስለ ሰፈርዎ አየር ክፉ አይናገርም።

ስለዚህ ኦክዎ ደክሞ እንደሆነ ለማወቅ ግንዱን ትተው ቀና ይበሉ። ጫፉ ላይ ደረቅ ቅርንጫፍ አለ? ቅጠሉ ከአምናው ሳስቷል? ያለ ጊዜው ይረግፋል? ይህ ከሌለ ዛፉ ደህና ነው። ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከታች ነው፦ ሥሩ ላይ መኪና እየቆመ አፈሩ ተጠቅጥቋል፣ በግንባታ ጊዜ ሥሩ ተቆርጧል፣ ግንዱ ሥር አፈር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ተከምሯል፣ ወይም ድርቅ አግኝቶታል። ይህንን ምንም ዓይነት መርጫ አያድነውም። ፈቃድ ያለው የዛፍ ባለሙያ ያሳዩት። መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ስለ ዛፉ ጤና ሲመክርዎት ደግሞ ምክሩንና ሽያጩን ለያይተው ይስሙ።

በረኪና ቅርፊቱን ያቃጥላል፣ ወደ አፈሩ ወርዶም ሥር ይጎዳል። በብረት ብሩሽ መፈግፈግ ከዚያ አይሻልም፤ ቅርፊት የዛፍ ቆዳ ነው፣ ሲላጥ እውነተኛው በሽታ መግቢያ ያገኛል። ፀረ-ነፍሳት መርጫው ደግሞ ሌስዊንጉን፣ ጥንዚዛውንና ንቡን አንድ ላይ ይፈጃል። ክሽክሽ ቶሎ ይራባል፣ አዳኞቹ ይዘገያሉ። ስለዚህ የተረጨ ግቢ ውስጥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከበፊቱ የባሰ ክሽክሽ ማየት የተለመደ ነው። ከፍለው ችግር ይገዛሉ።

መልሴ የማይሠራባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ፣ ልብ ይበሉልኝ። የመጀመሪያው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ነው። በቨርጂኒያ ከ2018 ጀምሮ ላንተርንፍላይ የሚባል ከእስያ የመጣ ተባይ አለ። እንቁላሉን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ግንድ፣ ድንጋይና መኪና ላይ ሳይቀር ይጥልና ግራጫ ጭቃ በመሰለ ነገር ይሸፍነዋል። አውራ ጣት ጫፍ የሚያክል፣ የደረቀ ጭቃ የተለቀለቀ ይመስላል፤ ከሽበት ጋር ለማምታታት ቀላል ነው። አንዱ ክምር ከ30 እስከ 50 እንቁላል ይይዛል። ይህን ካገኙ አይማሩት። በአሮጌ ካርድ ፍቀው አልኮል ያለበት ከረጢት ውስጥ ይክተቱት፣ ፎቶውን ደግሞ ለአካባቢዎ የቨርጂኒያ ኤክስቴንሽን ቢሮ ያሳዩ። ሽበትን በጥፍር ሲነኩት ቅጠል ቅጠል ወይም ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ያኛው እንደ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩም በመደዳ የተደረደሩ እንቁላሎች ይታያሉ።

ሁለተኛው ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠል ከረጢት ነው። የጥድ ወገን ዛፎች ላይ የዛፉን የራሱን ቁርጥራጭ በሐር ሰፍቶ ከረጢት የሚሠራ ትል አለ፤ እዚህ ባግወርም ይሉታል። እሱም ተሸካሚ ነው፣ ግን ቅጠል በል ነው፣ ሲበዛ ጥዱን ያደርቃል። ልዩነቱ ቀላል ነው። የባግወርም ቤት እንደ ትንሽ የጥድ ፍሬ ረዝሞ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቅጠሉ መካከል ነው የሚገኘው። የሌስዊንጉ ክምር ግን ክብ ነው፣ ከሥሩ እግር አለው፣ ግንዱ ላይ ይሮጣል። ባግወርም ካገኙ ዊንተር ሳያልቅ ከረጢቶቹን በእጅ መልቀም ለአንድ ሁለት ዛፍ ይበቃል።

ልጅዎን በተመለከተ፣ የሌስዊንግ እጭ አልፎ አልፎ ሰው ይነክሳል። ቆዳ ላይ ሲወጣ የሚበላ መሆኑን ለመሞከር ነው መሰለኝ። ስሜቱ ከትንኝ ንክሻ አይበልጥም፣ ትንሽ ያሳክካል፣ ይጠፋል። አንዳንድ ሰው ላይ ሊያብጥ ይችላል፤ ልጁ የነፍሳት ንክሻ አለርጂ ካለበት በእጁ አያስይዙት። እናትዎ «አትንኩት» ማለታቸው እንግዲህ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ምክሩ ትክክል ነው። ደግ ነገር አይደለም ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ለክሽክሽ ካልሆነ በቀር ደግ ነው።

ልጁ ማየት ከፈለገ እንዲህ ያድርጉ። ነጭ ወረቀት ግንዱ ላይ ያስጠጉና እጩ በራሱ እንዲወጣበት ይጠብቁ፤ በጣት አያንሱት፣ ሰውነቱ ለስላሳ ነው። ማጉያ መነጽር ካለ ከፊት በኩል ይዩት፣ ማጭዶቹ ከሽበቱ ሥር ብቅ ሲሉ ይታያሉ። ልጅ የሚስቅበት ነገር ልጨምር፦ ይህ እጭ ክንፍ እስኪያወጣ ድረስ ካካ አይልም። የሆዱ መውጫ በር እስከዚያ ዝግ ነው። በኋላ በኩል የሚያወጣው ሐር ነው፣ ሲያድግ የሚጠቀለልበትን ቤት ይሠራበታል።

ሸክሙን ግን አያውልቁበት፣ ልጁ ቢለምንዎትም። ሲጨርሱ እዚያው ያገኙት ግንድ ላይ፣ ሽበት ያለበት ቦታ ይመልሱት። ሣር ላይ ከጣሉት ልብሱ ያጋልጠዋል።